ያልተቋጨ ቀፎ

የእድራችን ጥሩምባ ነፊ በቦንጋ ጭጋግ ውስጥ ሲመጣ መጀመሪያ ጥሩምባው ይሰማል፤ ቀጥሎ ጃንጥላው ይታያል፤ ሰውየው ራሱ የሚደርሰው በመጨረሻ ነው። በዚያ ማለዳ በራፌ ላይ ቆሞ፣ «ሲስተር ዘነበች አርፋለች፤ ቀብሯ ደካ ነው፤ የሚሄድ ሰው በጊዜ ይውጣ» ሲል ሰማሁት። ፊቴን ልታጠብበት የያዝሁት ጣሳ በእጄ ላይ እንዳለ ቀረ።

ስለ እርሷ ለማንም አውርቼ አላውቅም። የሚወራ ነገር አጥቼ አይደለም፤ እርሷን ካነሣሁ የግድ ሌላም ነገር ማንሣት ስለሚኖርብኝ ነው። የታሪክ መምህር ነበርሁ፤ ዕድሜዬን ስለ ነገሥታት አሟሟት ሳስተምር ኖሬአለሁ። ስለ አንዲት የሆስፒታል ሠራተኛ አኗኗር ግን አንድ ገጽ እንኳ አለመጻፌ፣ ወደ ደካ በሚወስደን ሚኒባስ መስኮት ጫካውን እያየሁ ስሄድ ከነከነኝ።

ሲስተር ዘነበች ወደ ከተማችን የመጣችው ኢሕአዴግ ሥልጣን ላይ በነበረበት፣ በየመሥሪያ ቤቱ «ቢፒአር» የሚባል የአሠራር ለውጥ በሚሰበክበት ዘመን ነው። ሙያዋ በእኛ ዘንድ ስም አልነበረውም። አዲስ አበባ የተማረችው አካሉ ወይም መንፈሱ የተጎዳን ሰው በሥራ አማካይነት ወደ ኑሮው የመመለስን ሕክምና ነበር። የቢሮ ሰዎች «ኦኩፔሽናል ቴራፒ» ለማለት ይሞክሩና መሃሉ ላይ ሲደናቀፉ «የሥራ ሲስተር» ብለው ይገላገላሉ። የገበያ ሰው ደግሞ «በሽተኛ የምታሠራዋ» ይላታል።

ክፍሏ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ጀርባ የነበረ አሮጌ መጋዘን ነው። ሌሎቹ ክፍሎች መድኃኒት መድኃኒት ሲሸቱ የእርሷ የተላገ እንጨትና እርጥብ ቀርከሃ ይሸታል። ሙቀጫ፣ መጥረቢያ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ ቁልፍ መክፈት ለተሳናቸው ጣቶች መለማመጃ የሚሆን ቁልፍ የተገጠመለት ሳንቃ በየጥጉ ተቀምጧል። እርሷ አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ የነጭ ጋወኗ እጅጌ ሁልጊዜ እስከ ክርኗ የተጠቀለለ ሴት ነበረች። ከሰው ጋር ስትገናኝ ፊቱን ከማየቷ በፊት እጁን በሁለት እጇ ትቀበላለች፤ መዳፉን ገልብጣ ታየዋለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ቀና የምትለው። አንዳንድ ሰው በዚህ ያፍር ነበር። እኔም አፍሬአለሁ።

ሌላው ልማዷ ማንንም ሥራ አለማስጨረስ ነበር። እጇን እሳት ያቃጠላት አንዲት እናት ለልጇ ልብስ ትሰፋለች እንበል።

«አንድ እጅጌ ብቻ ነው የቀረኝ፤ ልጨርሰው ሲስተር!»

«ልጁ ነገም ክንድ ይኖረዋል፤ ለነገ ይደር።»

ትቀማታለች። ቅርጫት ሠሪውን የመጨረሻውን ዙር፣ በርጩማ ጠራቢውን አራተኛውን እግር ታስቀራቸዋለች። «ለነገ ይደር» የሚለውን ቃል ያህል ከአፏ የማይጠፋ አልነበረም። እኔ በበኩሌ ይህን እንደ ሥራ መጓተት ቆጥሬው ነበር፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሁሉ ያለበት በሽታ እርሷ ዘንድም የደረሰ መስሎኝ።

አንድ ጊዜ በተደረገ ግምገማ ላይ ተገልጋይ ተብዬ ተጠርቼ ተገኝቻለሁ። ስብሰባውን የሚመራው ሰው፣ «ሲስተር፣ ሌሎቹ ክፍሎች መርፌ ይወጋሉ፣ ቁስል ይሰፋሉ። ያንቺ ክፍል ውጤት ምንድን ነው? ሪፖርት ላይ ምን ብለን እናስገባው?» አላት።

«‹ትናንት የነበሩት ሁሉ ዛሬም መጥተዋል› ብለው ያስገቡት» አለችው።

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እርሷ ግን አልሳቀችም።

እኔን ወደ እርሷ የላከኝ ሐኪም ነው። በአንጎሌ ውስጥ ደም ፈስሶ ቀኝ ጎኔ ሰንፎ ነበር። እግሬ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ እጄ ዘገየ። ጠመኔ መያዝ ያቃተው መምህር ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እኔም ሄድሁ። ባለቤቴ ቀደም ብላ አርፋ ነበር። ስለዚያ ጊዜ ከዚህ የበለጠ አልጽፍም።

ሲስተር ዘነበች መዳፌን ገልብጣ ካየች በኋላ የጠየቀችኝ ስለ እጄ አልነበረም።

«ጋሽ መምህር፣ ካፊኖኖ ይችላሉ?»

«ወላጆቼ ከሰሜን ቢመጡም እኔ እዚሁ ቦንጋ ነው የተወለድሁት። የካፋን ቋንቋ እንዴት አልችልም?»

«ተገላገልሁ! የገጠር ሰው ሲመጣብኝ የሚያስተረጉምልኝ የለም። ነገ ጠዋት ይመጣሉ?»

«እኔ የመጣሁት ለእጄ ነው» አልኋት ኮስተር ብዬ።

«እጅዎም አብሮ ይመጣል» አለችኝ።

በማግስቱ ሄድሁ። አለመሄድ ነውር መሰለኝ፤ ሴትዮዋ ተቸግራለቻ! ከዚያም በየጠዋቱ መሄድ ልማድ ሆነብኝ። ጢሜን ተላጭቼ፣ ኮቴን ለብሼ፣ ቀይ ጭቃውን እየዘለልሁ አቀበቱን እወጣለሁ። በማስተረጉምበት መሃል ቀኝ እጄ ሐረግ ሲገምድ፣ ጥሬ ሲለቅም ይውላል።

ኮቺቶን ያወቅሁት በዚህ ሥራ ላይ ነው። ከቢታ ገነት ወዲያ ካለ መንደር የመጣ የታወቀ ንብ አርቢ ነበር። በእኛ ጫካ ቀፎ የሚሰቀለው እጅግ ረዥም ዛፍ ላይ ነው፤ ኮቺቶም ቀፎ ሊሰቅል ወጥቶ ቅርንጫፍ ከዳውና ወደቀ። ሐኪሞች ነፍሱን አተረፉት፤ እግሮቹ ግን ዳግም አልታዘዙትም። በቃሬዛ ወደ ሲስተር ክፍል ሲያመጡት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ባለቤቱ አየለች ብታዋራው አይመልስም፤ ታናሽ ወንድሙ ማሞ ቢለምነው አይዞርም።

ሲስተር ዘነበች አልለመነችውም። ቀርከሃና ሐረግ አስመጥታ፣ ከአልጋው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ቀፎ መሥራት ጀመረች። በማግስቱም፣ በሳልስቱም እንዲሁ። በመጨረሻ ኮቺቶ አንገቱን ብቻ አዞረና በካፊኖኖ ጠየቀኝ።

«ይህች ሴትዮ ምን እየሠራች ነው?»

«ቀፎ።»

«እዚህ ውስጥስ ንብ አይገባበትም፤ ጅብ ነው የሚያድርበት! አፉን እንደ በር ከፍታ ሆዱን ረስታዋለች።»

እርሷ ሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ምን አለ?» አለችኝ።

«አሠራሩ ላይ ትንሽ ቅር ያለው ነገር አለ» አልኋት በጨዋ ደንብ።

«የተናገረው እንዲህ አጭር አልነበረም» አለችኝ። ቀልዱን ሳልተረጉመው መሳቋን ልብ ብዬ ነበር፤ ከፊቱ አንብባው ይሆናል ብዬ አለፍሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮቺቶ ይነቅፋት ገባ፤ ከነቀፋው ብዛት እጁን ይዘረጋል፤ ዘርግቶም ይነጥቃታል። ቀፎው ፈርሶ እንደ አዲስ ተጀመረ። ሆኖም አንድ ነገር አላስቀምጥ አለው።

«በአባቴ ቤት ቀፎ የሚሠራው የሚሰቅለው ሰው ነው። ዛፍ ላይ የማልወጣ ሰው ቀፎ ምን ያደርግልኛል?»

«የሚወጣ አይጠፋም፤ የሚያውቅ ነው የሚጠፋው። ለምን ለማሞ አያስተምሩትም?» ስትለው አስተረጎምሁ።

«ማሞ!» አለ ኮቺቶ፣ ወንድሙ እዚያው ቆሞ እየሰማ። «ማሞ ማሩን እንጂ ንቡን መቼ ያውቃል!»

ቀፎው እያደገ ሄደ። ሲስተር ዘነበች አፉ የሚታሰርበትን የመጨረሻ ሐረግ ግን በየቀኑ ታስቀረዋለች፤ ለነገ ይደር።

አንድ ጠዋት ስደርስ ክፍሉ የሠርግ ቤት መስሎ ቆየኝ። ኮቺቶ ጢሙን ተላጭቷል። ጋቢው ታጥቦ ነጭ ሆኗል። ማታውኑ ሁለት የአገሩን ሽማግሌዎች አስጠርቶ፣ ቀፎ የሚሰቅልባቸውን ዛፎች ሁሉ ለማሞ አውርሷል። አየለችን «ደክሞሻል፤ ዛሬ አገር ቤት ሂጂና ልጆችሽን እዪ» ብሏታል። ፊቱ ላይ ከመጣ ጀምሮ ያላየሁት ዕረፍት ነበር። አንዲት ነርስ፣ «ዛሬማ ጋሽ ኮቺቶ ሙሽራ ሆነዋል!» ስትል አየለች እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሽማግሌዎቹ መርቀውት ሄደዋል። እኔም «ልቡ ተመለሰ፤ ሰውየው ዳነ» ብዬ ፈጣሪን አመሰገንሁ። በአገራችን ሰው ሀብቱን ያለ ጠብ ሲያካፍል ይመረቃል እንጂ የሚሠጋለት የለም።

ሲስተር ዘነበች ገባች። እኛን ሳይሆን ቀፎውን አየች። አፉ ታስሮ፣ ሐረጉ በሥርዓት ተቋጭቶ፣ በአልጋው ራስጌ ቆሟል።

«ማን ቋጨው?»

«እሱው ነዋ! እጁ አልተባረከም?» አለች አየለች።

የሲስተርን ፊት ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ነጩ ጋወኗ እንኳ ከፊቷ የበለጠ ደም ያለው ይመስል ነበር። አየለችንና ማሞን ከበሩ ውጭ እንዲጠብቁ በእርጋታ ጠይቃ፣ በሩን ገርበብ አደረገች። ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጣ የኮቺቶን እጅ ያዘች።

«ጋሽ መምህር፣ አሁን የምጠይቀውን ሳያለዝቡ ያስተርጉሙልኝ። በገዛ እጅዎ ለመሞት አስበዋል ወይ ብለው ይጠይቁልኝ።»

«ይህ በእኛ አገር አይጠየቅም» አልኋት። «ሟርት ነው። ያላሰበውን ማሳሰብ ነው።»

«ያላሰበ ሰው ‹ኧረ በጭራሽ› ይለናል፤ እኔን ይቀየመኝና ያልፋል። ያሰበ ከሆነ ግን ይህን ነገር ብቻውን ተሸክሞት ነው ያለው። ጥያቄው ሐሳቡን አይፈጥረውም፤ መውጫ በር ነው የሚከፍትለት። ይጠይቁልኝ።»

ጠየቅሁት። እነዚያን ቃላት በየትኛውም ቋንቋ ከአፌ አውጥቼ አላውቅም ነበር።

ውጭ የልብስ ማጠቢያው ውሃ ሲወርድ ይሰማል።

«አዎ» አለ። ቀጥሎ፣ «ማን ነገራት?» ሲል ጠየቀኝ።

«ማንም አልነገረኝም» አለች ሳስተረጉምላት። «ስለ ነገሩኝ አመሰግናለሁ። ዛሬ ብቻዎን አይሆኑም።»

ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመረው። ለአየለች ሸክም እንደሆነባት፣ ዛፉን ሰጥቶ ቀፎውንም ከቋጨ በኋላ በዚህ ዓለም የሚጠብቀው ሥራ እንዳልቀረ ተናገረ። አልገሠጸችውም፤ አላጽናናችውምም፤ እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ፈቃዱን ጠይቃ አየለችንና ማሞን አስገባች፤ ነገሩን ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው። ሐኪሙን ጠራች፤ ሐኪሙም ጅማ ካሉ የአእምሮ ሐኪም ጋር በስልክ ተነጋግሮ ሕክምና ጀመረለት። ለክፉ ሊውል የሚችል ነገር ሁሉ ከክፍሉ ወጣ፤ ዘመዶቹ አጠገቡ በተራ እንዲቀመጡ ተስማሙ።

ማሞ ግን እንባና ቁጣ ተደባልቆበት በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ዛፍህን ውሰድ!» ብሎ ጮኸ። «እኔ የትኛው ቅርንጫፍ ሰው እንደሚሸከም የት አውቅና ነው? እኔንም ልታስጨርሰኝ ነው እንዴ የሰጠኸኝ?»

ሲስተር ዘነበች ቀፎውን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችና የተቋጨውን ሐረግ ትፈታ ጀመር።

«ምን ታደርጊያለሽ?» አለ ኮቺቶ ከነእንባው ቀና ብሎ። «ኧረ ሐረጉን አትጎትቺው፤ ይሰነጠቃል! በጥፍርሽ ሳይሆን በጣትሽ! መምህር፣ ንገራታ!»

«ማሞ መማር አለበት» አለች መፍታቷን ሳታቆም። «የተቋጨ ቀፎ ምን ያስተምረዋል?»

ኮቺቶ በአንድ ቀን አልዳነም። ፊቱን ወደ ግድግዳው የመለሰባቸው ቀኖች ከዚያ በኋላም ነበሩ፤ በእነዚያም ቀኖች ያንኑ ጥያቄ በዚያው እርጋታ ትጠይቀው ነበር፤ እኔም አስተረጉም ነበር። ከወራት በኋላ ግን በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ጫካው ወሰድነው። ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ተቀመጠ። ማሞ ወገቡን በገመድ አስሮ ወጣ።

«ወደ ግራ! ግራ ማለት በአንተ ቤት የት ነው? ያን አትርገጥ፣ የበሰበሰ ነው! አንተ ማር ላሽ!» የኮቺቶ ጩኸት ጦጣዎቹን አባረረ። ቀፎውን የሚስበውን ገመድ ጫፍ እንድይዝ ሰጡኝ፤ በግራዬ ያዝሁት። ቀኝ እጄም ሳላዝዘው መጥቶ ከላይ ተደርቦ ያዘ። ሲስተር ዘነበች ቀና ብላ ቀፎውን ማየት ሲገባት የምታየው የእኔን እጅ ነበር።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው በቅዳሜ ገበያ ያገኘኋት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ከአንዲት ኮረሪማ ሻጭ ጋር ትከራከራለች። ክርክሩ በካፊኖኖ ነው፤ ያውም በደካ ሰዎች ካፊኖኖ፣ ፈጣንና ቀልድ የበዛበት። ሻጯ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ዞር ስትል አየችኝ፤ አልደነገጠችም።

«ደካ ነው የተወለድሁት» አለችኝ። «አዲስ አበባ የሄድሁት ለትምህርት ነው።»

«ታዲያ እኔን ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አለፋሽኝ?»

«ጠዋት ጠዋት የሚጠብቅዎ ሰው እንዲኖር።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ ያ ጥያቄ አንድ ጊዜ በእርስዎ አፍ እንዲያልፍ ፈልጌ ነበር። አሁን እርስዎን ልጠይቅዎ፤ ለዚህ አስተርጓሚ አያስፈልገንም።»

በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል፣ በዶሮና በባጃጅ ጩኸት መሃል፣ ቀኝ እጄን በሁለት እጇ ይዛ ጠየቀችኝ። እኔም መለስሁላት። ምን እንዳልኋት ለሰው ተናግሬ አላውቅም። የማስታውሰው ኮረሪማዋን እዚያው ረስታ ክንዴን ይዛ ወደ ሐኪሙ ስትወስደኝ፣ ሻጯም ከኋላችን «ዕቃሽን! ዕቃሽን!» እያለች ስትከተለን ነው። በማግስቱ ጠዋት እንደ ወትሮዬ ወደ መጋዘኑ ሄድሁ፤ ማስተርጎሜንም ቀጠልሁ። ቋንቋውን እንደምታውቅ ለማንም አልነገርሁም፤ እርሷም አልነገረች።

ደካ ስንደርስ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ፀጉሩ የሸበተው ኮቺቶ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ከድንኳኑ ጠርዝ ተቀምጧል፤ ማሞ ከኋላው ቆሟል። ከጎኑ ተቀመጥሁ። እህቷ በካፊኖኖ ስታለቅስላት፣ ስለ ልጅነቷ ስትዘረዝር ሰማን። ኮቺቶ ይደነቃል ብዬ ፊቱን አየሁት። አልተደነቀም።

«ቋንቋችንን እንደምታውቅ ታውቅ ነበር?» አልሁት።

«ከመጀመሪያው ቀን! ስሰድባት ከንፈሯን ትነክስ አልነበረም እንዴ? ያላወቅኸው አንተ ብቻ ነህ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?»

«አንተ ሰውዬ፣ ኮት ለብሰህ፣ ጢምህን ተላጭተህ ነበር የምትመጣው። ብነግርህ ኖሮ በነጋታው ትመጣ ነበር?»

ለቀስተኛው ገባ ወጣ ይላል። ኮቺቶ ዓይኑን ከሬሳ ሣጥኑ ላይ ሳያነሣ፣ «ያን ጥያቄ አንተንስ ጠይቃህ ታውቃለች?» አለኝ።

«ጠይቃኛለች።»

«ምን አልኻት?»

ምላሴ ላይ የኖረ ነገር ነው።

«ያን ቀን አንተ ያልኸውን» አልሁት።

ኮቺቶ ራሱን ነቀነቀ። አልጠየቀኝም፤ አላዘነልኝምም። ቀኝ እጄን ከጉልበቴ ላይ አንሥቶ በሁለት እጁ ያዘና መዳፌን ገልብጦ አየው።

«አንድ ቀፎ ጀምሬአለሁ» አለኝ። «ሐረጉን ከወዲያ በኩል ወጥሮ የሚይዝልኝ ቸግሮኛል፤ ማሞ እንደሆነ ታውቀዋለህ። ነገ ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ» አልሁት።